ከቧንቧው የተፋቀው ነጭ ዱቄት

ሰው ሁሉ «እንፋሎት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ እንፋሎቱ፣ ከዚያ መነጽሯ፣ በመጨረሻ እሷ ራሷ ትታያለች። ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ገንዳ ታጥባለች፣ የሚፋጀውን ውሃ ከቀዝቃዛው ታመጣጥናለች፣ ቧንቧ ሲታፈን ትከፍታለች። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ እርጥበት ውስጥ ኖራም ውሃው አልሰለቻትም። ጠዋት መዝጊያውን ስታዞርና ከምድር ሆድ እየተንደቀደቀ ሲመጣ ስትሰማ፣ ዛሬም ገላዋን ውርር ያደርጋታል። «ማን ነው ከሥር ሆኖ የሚያፈላው?» ትላለች ለራሷ።

ይህ ውሃ ባለፈበት ሁሉ ነጭ ቅርፊት ጥሎ ይሄዳል። ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፤ ካልተፋቀ ይዘጋዋል። እንፋሎት በመሮና በመዶሻ እየፈነቀለች ታወጣዋለች። ሲሰበር ውስጡ እንደ ዛፍ ግንድ ክብ በክብ ነው፤ ነጭ፣ ከነጩ ቀጥሎ ዳለቻ፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ ወርቅ መሳይ ቡኒ። ለመጣል ያሳሳል። መጣሉን እርግፍ አድርጋ የተወችው ግን በታላቅ እህቷ የተነሳ ነው።

ታላቅ እህቷ ሹራብ ሠሪ ናት። ሁለቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባሉት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። የታላቂቱ ጉልበት አላስቀምጥ አላስነሳ ብሏት ከርሞ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ስትጀምር ረገብ አለላት። ያን ጊዜ፣ «ከውጭ እንዲህ ያደረገኝ ነገር ወደ ውስጥ ቢገባ ምን ሊያደርገኝ ነው!» ብላ ቅርፊቱን አስወቀጠቻት። በወንፊት ነፉት። ታላቂቱ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እያደረገች፣ በውሃ በጥብጣ ትጠጣው ጀመር። «አጥንት ማዕድን፣ ይኸም ማዕድን፤ ዘመዳሞች ናቸው» ትላለች።

ወሬው ገንዳ ለገንዳ ዞረ። ወገቡን የሚያመው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ጸጉሩ የሚረግፍበት ሁሉ፣ «እባክሽ ከዚያች ዱቄት» አለ። እንፋሎት ደግ ናት፤ በብልቃጥ እየሞላች በነጻ ሰጠች። «ከተፈጥሮ የመጣ ምን ይጎዳል?» የማይል አልነበረም። እሷም ትለው ነበር።

እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ታላቂቱ የጀመረችውን እጅጌ ይዛ ተቆጥታ መጣች።

«ይኼን ክር ምን ነክተውት ነው? በነካሁት ቁጥር እጄ ላይ ይያዝብኛል!»

እንፋሎት ክሩን በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። ልስልስ ያለ ነው። «እስቲ እጅሽን» አለቻት። መዳፏ ላይ እንደ ጥሬ ምስር የጠጠሩ እብጠቶች ተዘርተዋል። ክሩን የሚይዘው እሱ ነበር። አንገትጌዋን ገለጥ ብታደርገው፣ ደረቷ ላይ አቧራማ መሬት ላይ የዝናብ ጠብታ ያረፈ የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አየች።

«እርጅና ነው» አለች ታላቂቱ።

«እርጅና መዳፍ ላይ ምስር ይዘራል እንዴ? ተነሺ፣ ልበሺ!»

የቆዳ ሐኪሟ መዳፎቹን አገላብጣ አየች። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«መድኃኒት አልወድም» አለች ታላቂቱ ኮራ ብላ። «እኔ የምወስደው ማዕድን ብቻ ነው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን ዓይነት ማዕድን?»

በማግሥቱ እንፋሎት ዱቄቱን ከአንድ ስባሪ ጋር ጠቅልላ፣ ሐኪሟ ወደላከቻት ቤተ ሙከራ ሄደች። ኬሚስቱ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር እጆቹ አርፈው የማይቀመጡ ሰው ነበር። ዱቄቱን በአሲድ አሟሟ፤ ቀጭን ቱቦ ነከረበትና፣ «እትዬ፣ ይምጡ ይዩ» ብሎ ወደ መሣሪያው ጠቆር ያለ መስኮት ጠራት።

ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ነበልባል ቀጥ ብላ ቆማለች። አትወዛወዝም፣ አትጨስም።

«ይህች ከፀሐይ ገጽ የበለጠ ትሞቃለች» አላት።

«ይቺ?»

«ይቺ። እዚያ የገባ ማዕድን መደበቅ አይችልም። እያንዳንዱ የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ካልሲየም የራሱን፣ ብረት የራሱን። መሣሪያው ብርሃኑን አይቶ ማን እንደገባ ይነግረኛል።»

እንፋሎት አፏን ከፍታ ቀረች። ስትወቅጠው አንድ ዓይነት ነጭ ዱቄት የነበረው ነገር፣ እዚያች ነበልባል ውስጥ እየተበተነ እያንዳንዱ ማንነቱን ሲናገር አሰበችው። ኬሚስቱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ካልሲየም ሞልቷል። ማግኒዚየምም አለ። አርሴኒክም አለ፣ ያውም ብዙ።»

«አርሴኒክ... መርዙ?»

«መርዙ።»

ኬሚስቱ ወንበር ሳበላት። «ውሃዬ ነው እንግዲህ እህቴን የመረዛት?» አለች።

«ውሃው ምን ያድርግ! እርስዎም አያትዎም ሳይወለዱ ዝናብ ሆኖ የወረደ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ወርዶ ወርዶ፣ ከምድር ሥር ያለው እሳት አጠገብ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ሲመጣ ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ ይሸከማል፤ ይኼ ይጠቅማል፣ ይኼ ይጎዳል ብሎ አይመርጥም። ውሃው ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ቧንቧው ላይ ግን ያ ጥቂት ዓመት ከዓመት ሲጠራቀም ኖረ። እናንተ የጠጣችሁት ጥርቅሙን ነው።»

እንፋሎት ፈርታለች፤ ፍርሃቷ ውስጥ ግን መገረሟ አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት እጇ ላይ የሚፈሰው አያቷ ያላዩት ዝናብ ነው!

ኬሚስቱ ግድግዳው ላይ ያለውን መደርደሪያ አሳያት፤ ጠብታ፣ እንክብል፣ የታሸገ ጭቃ፣ «ንጹሕ ማዕድን» የሚል የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ የተለጠፈበት ዱቄት። «ሰው ከገበያ ገዝቶ ያመጣቸው ናቸው። አንዳንዱ እንዳለው ንጹሕ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ መርዛማውን እርሳስ አግኝተናል። ዓይን አይለየውም፣ ምላስም አይለየውም። እኔም ሳልመረምር አላውቀውም።»

ቤት ገብታ ሁሉንም ስትነግራት ታላቂቱ መጀመሪያ አኮረፈች። «ታዲያ ጉልበቴን ያዳነው ምንድን ነው?»

«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ። መዘፍዘፉ።»

«ያን ሁሉ ዱቄት በከንቱ ነው የጠጣሁት በይኛ!» አለችና ሳታስበው ሳቋ መጣ። ከሳቋ በኋላ እንባዋ መጣ። እንፋሎት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች፤ «ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት፣ «ዝም በይ፣ ያስወቀጥኩሽ እኔ አይደለሁ!» አለቻት። ትንሽ ቆይታም፣ «ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው? ተነሺ እንሂድ» ብላ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

ቤት ለቤት ዞሩ። አንዳንዱ ደንግጦ ብልቃጡን መለሰ፣ አንዳንዱ ተሳደበ፤ እንፋሎት ስድቡን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ሁሉንም ሐኪም እንዲያዩ ለመነቻቸው። አላስደርስ ያለው ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ብልቃጡን ከኋላው ደብቆ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺው ሰጥተሽ አንቺው ልትነጥቂኝ? ወገቤ የቆመው በዚህ ነው። ሐኪሞች መቼም የራሳቸው ካልሆነ አይወዱም።»

«ጋሼ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት...»

«ምኑን አየሽው? መርዝ ይታያል?»

እንፋሎት ስለዚያች ነበልባል ልትነግረው ጀመረች፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። ታላቂቱ ምንም አልተናገረችም። አልፋው ገባች፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብላ ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን እያንዳንዱን ጠጣር እብጠት አጉልቶ አወጣው።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መሪ ሲያዞሩ የኖሩትን የራሱን መዳፎች ወደ መስኮቱ አዞረና ትክ ብሎ አያቸው። አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ጠጣሮች ነበሩ።

«የመሪው ነው ብዬ ነበር እኮ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

እንፋሎት በሕይወቷ ብዙ ሰው ሲናገር ሰምታለች። እንደዚያን ቀን የእህቷ ዝምታ ያህል የሠራ ንግግር ግን አልሰማችም።

የተሰበሰበውን ዱቄት ቤተ ሙከራው ወስዶ በሥርዓቱ አስወገደው። ገንዳዎቹ ተመርምረው ለመታጠብ ተፈቀዱ፤ አሁን በሩ ላይ «መጠጣት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ቅርፊቱም ሲፋቅ በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ነው፤ ከተፋቀ በኋላ ለማንም አይሰጥም።

ታላቂቱና ሹፌሩ ለክትትል አብረው መሄድ ያዙ፤ ተራ ሲጠብቁ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ከወራት በኋላ ሐኪሟ የታላቂቱን የሽንት ምርመራ ውጤት አየችና ፈገግ አለች። «ሰውነትዎ አብዛኛውን አስወጥቶታል፣ እማማ። ቆዳዎ ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል፤ ነጠብጣቡም ላይጠፋ ይችላል። መዳፍዎ ግን እየለሰለሰ ነው።»

«የትኛው መድኃኒት ነው ያስወጣው?» ስትል ጠየቀች እንፋሎት።

«ምንም አልሰጠናቸውም። መውሰዱን ሲያቆሙ፣ ኩላሊታቸው ራሱ አስወጣው።»

እንፋሎት እህቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ያቺን አጭር፣ ነጭናጫ፣ ሻሿ የተንሻፈፈባትን ሴት። እዚያ ውስጥ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ ቀን ከሌሊት ክፉውን እየለየ ሲያወጣ የከረመ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን ታፈጭብኛለሽ?» አለች ታላቂቱ።

«ምንም፣ እትዬ» አለች እንፋሎት። «ምንም። እንዲሁ ገርመሽኝ ነው።»