ትከሻዬና ጥቁር ሰሌዳው

መጀመሪያ የተሰማኝ እንደ መርፌ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን ምስማር ላይ ልሰቅል ቀኝ እጄን ሳነሳ፣ ከትከሻዬ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በውጭ በኩል፣ አንድ ነገር ወጋኝ። እጄ ደረቴ ትይዩ እስኪደርስ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሲያልፍ ወጋኝ፤ ከራሴ በላይ ሲወጣ ተወኝ፤ ሳወርደው እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ወጋኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ትከሻው እንዲህ የጀመረው አንባቢ ራሱን እንዲያውቅ ብዬ ነው። እኔ አላወቅሁም። ብርድ ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሥራዬ ማስተማር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ራሴ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቀበሌያችን እንደ እኔ ዘግይተው የጀመሩ እናቶችን እንዳስተምር መደበኝ። ክፍላችን ቦሌ ውስጥ ከተወረሱት ቪላዎች የአንዱ ሳሎን ነው። ሳሎኑ መሐል የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ የፑል ጠረጴዛ ነበረ። ከጨርቁ ሥር ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ስምንት ሰው ሞክሮ ሊያነቃንቀው አልቻለም። ስለዚህ ሸራ አለበስነው፣ ዙሪያውን አግዳሚ ደረደርን፣ ጥቁር ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ ሰቀልን፤ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን እሱ ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። የቤቱ ዘበኛ ጋሽ ተሰማም ከባለቤቱ ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። ቪላው ሲወረስ እሳቸውም አብረው የተወረሱ ይመስል ነበር።

ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስደርስ ጋሽ ተሰማ ሸራውን ገልጠው ብቻቸውን ይጫወታሉ። ነጭዋ ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትታ ተመለሰች። በዚያ ወር እኔ ራሴ በምማርበት የማታ ትምህርት ቤት አንግል እየተማርን ነበር። ኳሷ የገባችበትና የወጣችበት አንግል እኩል ነበሩ። መጽሐፉ ያለኝን ዓይኔ አየው። ደርቄ ቀረሁ።

"እንደገና ይምቷት፣ ጋሽ ተሰማ።"

"ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም። እንደገና።"

ሰባት ጊዜ ካስመታኋቸው በኋላ መምቻ ዘንጉን እጄ ላይ አኖሩት። "እንኪ፣ ራስሽ ምቺ። እኔ ቅጥሬ ለዘበኝነት ነው።"

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከክፍሉ በፊት አንድ ሰዓት እጫወት ነበር፤ በሩን ዘግቼ። መምህርቷ ከዘበኛ ጋር ፑል ትጫወታለች ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ ስሜ ሲነሳ ይታየኝ ነበር። አጭር ነኝ፤ ጠረጴዛው ደግሞ ለረጅም ሰው የተሠራ ነው። ኳሷን ከላይ ለማየት ክርኔን እስከ ጆሮዬ አነሳለሁ። ጋሽ ተሰማ አይተውት ነበር። "እንደ ዶሮ ክንፍሽን አታንሺ" ይሉኝ ነበር። እኔ ስድብ መሰለኝ እንጂ ምክር አልመሰለኝም።

ሕመሙ ባሰ። በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

"ምን ከባድ ነገር ትሠሪያለሽ?" አለኝ ሐኪሙ።

"ውሃ እቀዳለሁ።"

ውሃ መቅዳቴ እውነት ነው። ትከሻዬን ያሳመመው እሱ ነው ማለቴ ግን ውሸት ነበር፤ ስናገረውም አውቄዋለሁ።

"ጅማቱ ተቆጥቷል፤ ቴንዶናይትስ ይባላል" አለኝ። "ውሃውን ተዪ። እጅሽን አንድ ሳምንት አሳርፊው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አንቀሳቅሺው።" ኢንዶሜታሲን የሚባል እንክብል ሰጠኝ።

ውሃውን ተውኩ። ፑሉን አልተውኩም። ሕመሙ ሲጠናብኝ ደነገጥኩና ሁሉንም አቆምኩ፤ እጄንም በነጠላ አንገቴ ላይ አሰርኩት። አንድ ሳምንት የሚያሳርፍ ከሆነ ሁለት ወር ይፈውሳል ብዬ አሰላሁ። በሂሳብ የምተማመን ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼም አመሰገኑኝ፤ እንዲህ ራሷን የምትጠብቅ አላየንም አሉ። በግራ እጄ በላሁ፣ በግራ እጄ ለበስኩ። ሰሌዳው ላይ ፊደል የሚያውቁ ተማሪዎች እየወጡ ይጽፉልኝ ነበር።

በሁለት ወሩ ነጠላውን ፈታሁ።

እጄ አልተነሳም።

አመመኝ ማለቴ አይደለም። አልተነሳም። እንደ ተቆለፈ በር ነው። በግራ እጄ ደግፌ ገፋሁት። እዚያው ቆመ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ላማትብ ሞከርኩ። ጣቶቼ ደረቴ ላይ ቀሩ። ግንባሬን ወደ እጄ አወረድኩ።

በማግሥቱ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። መጻፍ የቻልኩት ከታች፣ ከግርጌው ብቻ ነው። ኋላ ያሉት ተማሪዎች ተነሥተው ቆሙ። እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ ሦስት ልጅ የዳሩ፣ የክፍሉ ሁሉ ታላቅ የሆኑ ተማሪ ነበሩኝ። መጡና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

"የኔታ፣ ይህን ያህል ለቤተ ክርስቲያንም ተንበርክኬ አላውቅ" አሉኝ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላ በር ላይ ግን የትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ቆሞ ያየን ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ በቀስታ ነገረኝ። "ጓድ መምህርት፣ እስከ ሰኔ እንጠብቅሻለን። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳው ላይ የሚጽፍ ሰው መመደብ አለብን።" ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ክፍል ባጣው ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ሰው ስሜን ከመምህርነት ጋር የጠራው እዚያ ብቻ ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተላክሁ። ክፍሉ ከጦር ሜዳ በተመለሱ ወታደሮች የተሞላ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ሲስተር ፀሐይ ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ፣ እጃቸው እንደ ወንድ እጅ ወፍራም።

"ምን ስትሠሪ ነው የጀመረሽ?"

"ውሃ ስቀዳ።"

"እንስራውን በምንሽ ነው የምታዝዪው?"

"በጀርባዬ።"

"ታዲያ ጀርባሽን ነበራ ማመም የነበረበት።" እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ስሚ ልጄ፣ እኔ የቀበሌ ሊቀመንበር አይደለሁም። ይህ ትከሻ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ካልነገርሽኝ የማላውቀውን ሰው ትከሻ ነው የማክመው።"

"ፑል" አልኩ።

"ምን?"

"ፑል ስጫወት ነው።"

አጠገባችን አልጋ ላይ የተኛው ወታደር ቀና አለ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ክራንቹን ዘረጋልኝ። "ይኸው ዘንግ። አሳዪያቸው እንጂ፣ መምህርት።" መምህር መሆኔን ካርዴ ሲነበብ ሰምቷል።

በደህናው እጄ፣ በግራዬ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ አሳየኋቸው። ክርኔ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ሲስተር ፀሐይ "ቁሚ፣ አትነቃነቂ" አሉኝ። ከቁም ሣጥን ሁለት አጥንት አወጡ፤ አንዱ የክንድ፣ አንዱ ከትከሻ ጀርባ ያለው ሰፊው አጥንት። የክንዱ ራስ ድቡልቡል ነው። ከፑል ኳስ ትንሽ ያንሳል። የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ቀዳዳ አይደለም፤ ከኳሱ የሚያንስ፣ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ የጎደጎደ ነገር ነው።

"ይኸው ኳስሽ" አሉኝ። "ጅማቶች ዙሪያውን ይዘውት ነው እንጂ ማስቀመጫው ብቻውን አይችለውም። እነዚህ ጅማቶች በሐኪም ቋንቋ ሮቴተር ካፍ ይባላሉ። ክርንሽን እንዲህ ስታነሺ ጅማቱ በኳሱና ከላይ ባለው አጥንት መካከል ይጨፈለቃል። እሱ የመጀመሪያው ሕመም ነው። ሁለተኛውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አሰርሽው። ስታስሪው መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የሚሸፍነው ካፕሱል ተኮማተረ። ፍሮዝን ሾልደር ነው፤ የደረቀ ትከሻ።"

"ይድናል?"

"ይድናል። ግን በወር ቁጠሪው እንጂ በቀን አትቁጠሪው። ደግሞ በጉልበት የሚስብሽ ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ።"

ክራንቹን ስመልስለት ወታደሩ "ሲሻልሽ እንገጥማለን" አለኝ። "እኔ በአንድ እግር፣ አንቺ በአንድ እጅ።"

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ብረት ይዟል፤ አዛውንት፣ ነርስ፣ ቅርጫት ያንጠለጠለች ሴት። ቀና ብዬ አየሁ። በእያንዳንዱ ትከሻ ውስጥ አንድ ኳስ አንዲት ትንሽ ማስቀመጫ ላይ ተደግፎ፣ አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ አብሮ እየዞረ፣ አይወድቅም። ማንም አያውቀውም። እኔም ሠላሳ ዓመት ተሸክሜው አላውቀውም ነበር። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ዘገምተኛም ነው፤ እዚህ ጋ የሚቸኩል አንባቢ ካለ እኔም ቸኩዬ እንደነበር ይወቅልኝ። በየቀኑ ከክፍሉ በፊት፣ ድሮ የምጫወትበት ሰዓት ላይ፣ ግራ እጄን የፑል ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ጎንበስ እልና ቀኝ እጄን እንዲንጠለጠል ለቅቄው፣ በሰውነቴ መወዛወዝ ብቻ ትንሽ ትንሽ ክብ አዞረው ነበር፤ ሲስተር ፀሐይ ሲፈቅዱልኝም ከሰል የሌለበት የከሰል ካውያ ይዤ ያንኑ አደርግ ጀመር። ቀጥሎ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ አስኬዳቸዋለሁ፤ የደረሱበት ቦታ ላይ በጠመኔ መስመር አሰምርና ቀኑን እጽፍበታለሁ። ኅዳር ውስጥ ያሰመርኳቸው ሦስት መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ነበር። በገና ሰሞን አንድ ጊዜ ጣቶቼ ከቀድሞው መስመር በታች ቀሩና አለቀስኩ። ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ ጣት፣ ከዚያ ሁለት ጣት እየጨመረ መጣ።

ተማሪዎቼ መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ስለ ሕመሙ ብቻ ልነግራቸው ነበር። ከዚያ ውሃ ቀዳሁ ያልኩት ቃል ያስከፈለኝ ትዝ አለኝና ፑሉን ጨምሬ ነገርኳቸው። አንድ አውሮፕላን በጣራችን ላይ አልፎ አረፈ።

"እና ጋሽ ተሰማን አሸንፈሻቸው ታውቂያለሽ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"አታውቅም" አሉ ጋሽ ተሰማ ከበሩ ላይ።

የፈራሁት ስብሰባ አልተጠራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ብርቄ ሰሌዳ ጠራጊውን በእጃቸው አደረጉ፤ ፊደሉን ይጠርጋሉ እንጂ መስመሮቼን ማንንም አያስነኩም። እኔም የምጽፈው ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ፣ ከግርጌው ወደ መሐሉ መጣ፤ ቆመው ይገለብጡ የነበሩት አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ከፋሲካ በኋላ እትዬ ብርቄም ከወለሉ ተነሥተው አግዳሚያቸው ላይ ተመለሱ።

ሰኔ ገባ። ሰብሳቢው መጥቶ ከኋላ ቆመ። ጠመኔ አነሳሁ። እጄን ወደ ላይ ሰደድኩት። ደረቴን አለፈ። ዓይኔን አለፈ። ሰሌዳው ራስ ላይ፣ በግራ ጥግ፣ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። ግን እላይ ነው።

እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አዩት። "እስካሁን ጉልበቴን አሳመምሽው፣ ዛሬ ደግሞ አንገቴን" አሉ።

ሰብሳቢው አግዳሚ ስቦ ተቀመጠና ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። በሚቀጥለው ዙር የመምህራን ዝርዝር ላይ ስሜ ነበረ።

ትከሻችሁ ለታመመ የምለው ብዙ አይደለም። ሐኪም አንድ ሳምንት ካላችሁ አንድ ሳምንት ነው፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ። የምታፍሩበትን ነገር ደግሞ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ጨዋታውንም መተው የለባችሁም። ጋሽ ተሰማ ከሳሙና ሳጥን መቆሚያ ሠርተውልኛል፤ እሱ ላይ ስቆም ክርኔ ዝቅ ይላል፤ ሳጥኑም በሁሉ ሰው ፊት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። እስካሁን አላሸነፍኳቸውም። ወታደሩን ግን ክራንቹን ከመለስኩለት ቀን በኋላ አላገኘሁትም፤ ወደ አገሩ ገብቷል አሉኝ። ባለበት አመሰግነዋለሁ። ሲስተር ፀሐይንም፣ እጃቸውንም።

ቀኝ እጄ ወደ ጀርባዬ ሲዞር ዛሬም ከግራው ሁለት ጣት ያንሳል። ጠዋት ሳማትብ ግን ግንባሬን አላወርድም፤ እጄ ራሱ ይወጣል። ግንባሬ ላይ ሲደርስ ትንሽ እዚያው አቆየዋለሁ።