ጃንጥላ የተያዘላት የአፕል ዛፍ

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነውና ስለ ሰው ልጻፍ ማለቴ ድፍረት ነው፤ ያነበበ ሰው ስህተቴን ይለፍልኝ።

ሰውዬው የጨንቻ ሰው ነው። ከላይ አሮጌ ኮት፣ ከታች ባለ ጥለት የዶርዜ ሱሪ ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ ለአንዲት የአፕል ዛፍ ጃንጥላ ይዞላታል። እሱ ራሱ በስብሷል። ዛፏን የተከለችው ሚስቱ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አበባዋ እየረገፈ ፍሬ አልይዝ ብትል፣ ሚስቲቱ «አንተ ዘንድ ምን ይበረክታል!» ብላ አርባ ምንጭ ልጃቸው ቤት ወርዳ ቀረች።

በዚያ ቀን የግብርና ባለሙያዋ መጥታ አበባውን ፍሬ የሚያስይዝ ሆርሞን ረጨችለት። «አባባ፣ እስኪደርቅ ድረስ ዝናብ እንዳይነካው» ብላው ገና ከአጥሩ ሳትወጣ ዝናቡ ወረደ።

ጎረቤቱ ኦይታ ከአጥር ማዶ ሆኖ በሳቅ ሞተ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳሙና ላምጣልህ?»

«ሂድ ወደዚያ! መድኃኒቱ ከታጠበ አይሠራም።»

«ለሚስትህስ እንዲህ ይዘህላት ታውቃለህ?»

ሰውዬው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው። ጃንጥላው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ለእሷማ አንድ ቀን እንኳ አልያዝኩላትም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኦይታም ሳቁን ተወ።

ፍሬው መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው ተብሏል። እሱ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ ኮቱ ገና ሳይደርቅ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው የመጀመሪያ መኪና ተሳፈረና ሹፌሩን «ለመመለሻ ሁለት ወንበር ያዝልኝ» አለው።