ነካሪው ያየው ቡናማ

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ነካሪው» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋ እንደ ወረቀት እያሳሳ ቆርጦ፣ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ ቀለም ሲነክር ኖሯል። ቀለሙ የሚይዘው የሚፈለገው ፕሮቲን ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ያዘ አልያዘ እየተባለ የሰው ዕድል ይነበባል።

አንድ ሰኞ የመጣው ቁራጭ የታናሽ እህቱ ሆነ፤ ከተረከዟ የተቆረጠ ጥቁር እባጭ። ካንሰር መሆኑ ታውቋል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ አዲሱ መድኃኒት ሊሠራላት እንደሚችል የሚጠቁመው ፕሮቲን አለ ወይስ የለም?

ለቆዳ ካንሰር ደንቡ ቀይ ቀለም ነው። «ቆዳ የራሱ ቡናማ አለው፤ በቡናማ ከነከራችሁ የቱ የማን እንደሆነ አትለዩም» እያለ ጀማሪዎችን ያስተማረ እሱ ራሱ ነው። ቀዩ ግን አልቆ ነበር፤ ሐሙስ ይመጣል ተባለ። ልቡ ተሰቅሎ እንዴት ይጠብቅ? በቡናማው ነከረና አጎንብሶ አየ። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ! ስልኩን አነሣ።

«እታለም፣ አለ! ሞልቷል!»

«ሙች በለኝ ወንድምዓለም! እኔማ መገነዣዬን ልሰፋ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ሐሙስ የላቦራቶሪው ሐኪም መስታወቱን አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ በምንድን ነው የተነከረው?»

«በቡናማ።»

«እርስዎ?» አለች።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼኔ ነው። የማያውቅ ሲሳሳት ባለማወቁ ያመካኛል፤ የሚያውቅ በምን ያመካኝ? በቀዩ ደግሞ ነከረ። ቀዩ አንድም ቦታ አልያዘም።

«ፕሮቲኑ ሳይኖራቸው የሚድኑ አሉ» አለችው ሐኪሟ፤ «ጥቂት ናቸው እንጂ።»

እህቱን ልብስ ስፌት ቤቷ አገኛት፤ የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ የሙሽራ ቀሚስ ትቆርጣለች።

«ሠርጉ የዛሬ ስምንት ወር ነው፤ እደርሳለሁ ብዬ ተቀበልኳቸው!»

«መቀሱን አስቀምጪው እስቲ፣ እታለም። ያየሁት ቡናማ የፕሮቲኑ አልነበረም። የገዛ ቆዳሽ ነው።»

መቀሱን አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተረከዟን ፋሻ መፍታት ጀመረች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ከሌላው ጎን ቁረጥልኝ። እዚያ ሊኖር ይችላል።»

ተንበርክኮ ፋሻውን ያዘ። እሷ ትፈታለች፣ እሱ መልሶ ይጠቀልላል።