በገዛ እጄ የዘጋሁት ዋይፋይ

ከሶዶ የወጣሁ ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻንጣዬን የዘጋሁት በባትሪ ብርሃን ነው። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፏት ነበር። መሬት ካስቀመጥናት ሰው ይረግጣታል ብሎ ለማንም አልሰጥም አለ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ስለነበር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሁለት ቃል እንኳን አላወራሁትም። ዛሬ ያ ማታ ቢመለስልኝ ሻንጣው ሳይዘጋ ያድር ነበር።

አባባ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ዓይኑ መድከም ከጀመረ ቆይቷል። ኦቶና ሆስፒታል ወስደነው፣ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይ እንደሆነ እንጂ የሄደውን እንደማይመልስ ቁርጡን ነግሮናል። መጽሐፍ ቅዱሱን ማንበብ ካቆመ ከርሟል፤ ፊት ግን ቀን በብርሃን ከተጠጉት ይለያል። ጀርመን አገር አረጋውያን መንከባከብ የምማርበት ቦታ ሲሳካልኝ አልተቃወመም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ።

"ልጄ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ በየሳምንቱ ፊትህን አሳየኝ፣" አለኝ በወላይትኛ። "ድምፅማ በሬዲዮም ይሰማል።"

ቃል ገባሁ። በቤታችን ካሜራ ያለው ስልክ የእኔ ብቻ ስለነበር ለእህቴ ለአስቴር ተውኩላት። የኮምፒውተር ጥገና ሱቄንም የምትረከበው እሷ ስለሆነች ዋይፋይ የምስብባትን፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ጣት የምታህል ዕቃ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼላት ወጣሁ። እሑድ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ አባባ ስልኩ ፊት ይቀመጣል፤ እኔም ከላፕቶፔ ብቅ እላለሁ። ይኸው ነበር ስምምነታችን።

ንጋት ላይ ሚኒባሱ ሲነሳ ዳሞታ ጉም ለብሶ አናቱ አይታይም ነበር። ተራራው ሳይገለጥልኝ ሄድኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚህ ያለሁበት የሰሜን ጀርመን ከተማ ሜዳ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ዝናቡም ቢሆን ድምፅ የለውም፤ የእኛ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ መምጣቱን ያሳውቃል፣ የዚህ አገሩ ግን እንደ ሌባ ገብቶ ታገኘዋለህ።

ኤርፖርት ላይ አስቴር ጠቅልላ የሰጠችኝን ቆጮ የጉምሩክ ሰውዬ አወጣና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምግብ ነው አልኩት። ከምን ይሠራል አለ። ሙዝ ከሚመስል፣ ግን ሙዝ ከማያፈራ ተክል ነው አልኩት። ሙዝ ካላፈራ ምኑን ትበሉታላችሁ አለኝ።

"ግንዱን ፍቀን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረውና..."

"ትቀብሩታላችሁ?"

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። ቆጮውን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ቅርጫቱ ወረወረው። አብራ የጠቀለለችውን ዳጣ፣ የቃሪያ ማባያውን፣ ግን ሶስ መስሎት አሳለፈልኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ በዚህ አገር ቀዝቃዛ የማታ ዳቦ ላይ ነፍስ የዘራልኝ እሱ ነው።

የተከራየሁት ክፍል ውል ላይ "ዋይፋይ አለ" ይላል። በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ አንድም ዋይፋይ አታሳይም። እንደገና አስነሳኋት፤ ያው ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። በሶዶ የሰው ኮምፒውተር ሲታመም የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ስላስመረረኝ በደንበኞቼም በራሴም አሮጌ ላፕቶፖች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ እየጫንኩ ስንቱን ከመጣል ያዳንኩ ሰው ነኝ። የያንዳንዱን ማሽን ሕመምና መድኃኒት የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ሰፈርተኛው "የበሽተኞች ካርድ" ይለው ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። የዋይፋይ ካርዱ ውስጥ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ አለ ብላ ስሙን ከነቁጥሩ ነገረችኝ። የጠፋው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት በእኛ ቸርች እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ አጠገቡ የሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ከሌለ ካርዱ ቢናገርም ኮምፒውተሩ አይሰማም። ድራይቨሩን በትእዛዝ ጠራሁት። አልነሳም፤ ስህተት አለም አላለም፣ ዝም ብቻ። ምናልባት አብሮት የሚሠራ ፋይል ጎድሎ ይሆናል ብዬ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት በፍላሽ አመጣሁ። ዝም። አዲስ ከርነል፣ የሊኑክስን ልብ ማለት ነው፣ አምጥቼ ጫንኩ። ዝም። እዚሁ ከሱቅ የገዛሁት በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ደግሞ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ሆነ። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት እያልኩ ከቤተ መጻሕፍት ቤቴ ስመላለስ የመጀመሪያው እሑድ አለፈ።

ያን እሑድ ቤተ መጻሕፍቱም ዝግ ስለነበር በአዝራር ስልኬ ደወልኩ። አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ስልኩ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጡን አስቴር ነገረችኝ።

አከራዬን ለመንኳት። ከሳሎኗ ወደ ክፍሌ የኢንተርኔት ገመድ ልዘርጋ አልኩ። ገመድ በበሩ ሥር ካለፈ በሩ አይገጥምም፤ በሩ ካልገጠመ ድምፅ ይገባል፤ ድምፅ ከገባ "ሩሄ" የለም አለችኝ። ሩሄ ጸጥታ ነው፤ እዚህ አገር ከጸሎት በላይ ይከበራል።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሑድ አባቴን ላነጋግር።"

"እሑድማ ዋናው ሩሄ ነው።"

"እንግዲያው ላፕቶፔን ይዤ ሳሎንዎ ልምጣ?"

"ሳሎኔ በውልዎ ውስጥ የለም።"

የራሴን መስመር ላስገባ ብዬ ስጠይቅ የነዋሪነት ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ወረቀቱን ለማውጣት የሄድኩበት ቢሮ ያለችው ሴት ትሑት ነበረች። ቀጠሮ አለዎት ወይ አለችኝ፤ የለኝም አልኩ። ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ነው አለች፤ ኢንተርኔት ለማስገባት እኮ ነው የመጣሁት አልኳት። ተረድታኝ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያም የኢንተርኔት አድራሻው ያለበትን ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። አብራኝ የምትማር ፊሊፒናዊት ከሥራ ስንወጣ ስልኳን ዘረጋችልኝና "እንካ፣ አባትህን አነጋግርበት" ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ገና ከመጀመሪያው እሑድ በፊት። ነገ ይስተካከላል ብዬ መለስኩላት። የሶዶን ኮምፒውተር ሁሉ ያዳንኩ ሰው፣ የራሴን ማዳን አቅቶኝ የሰው ስልክ ልለምን? ኩራት እራቴ ሆነና ሁለተኛውም ሦስተኛውም እሑድ አለፉ። ቀን ቀን የሰው አባት አጥባለሁ፣ መነጽር እወለውላለሁ፣ ጠብታ አደርጋለሁ። የራሴ አባት ኮቱን እየለበሰ ይጠብቀኛል።

አራተኛው እሑድ ጊፋታ ነበር። የወላይታን አዲስ ዓመት የማታውቁ ካላችሁ፣ ጊፋታ የወላይታ ልጅ ከሄደበት የሚመለስበት ቀን ነው። በወላይታ ትንንሽ ከተሞች በቤሌም ይሁን በተበላ፣ አዲስ አበባም ይኑር፣ ይመጣል። የተጣላ ይታረቃል፣ አባት ልጆቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይመርቃል። አባባ ደግሞ የማያየውን ሰው መርቆ አያውቅም፤ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የሚመርቀው።

ዓርብ ዕለት ለአስቴር ደውዬ ሽንፈቴን አመንኩ። ሱቅ የተውከውን ደብተርህን ልየው አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊትም ብላኝ ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን ለእኔ ልታነቢልኝ ነው ብዬ ተቆጥቼ ዘግቼባት ነበር። አሁን ግን እሺ አልኳት። የገጾቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

"የራስህም አለ እኮ፣" አለች። "ላንብበው? 'የራሴ ላፕቶፕ። የውስጡ ካርድ ከውጭ ከሚሰካው ጋር እየተጋጨ አስቸገረ። ድራይቨሩን አግጃለሁ። ስጠራውም እንዳይነሳ አድርጌያለሁ። ለጉዞ ሳዘጋጃት እገዳው ይነሳ።'"

የእኔው ጽሑፍ፣ የእኔው እገዳ። ሱቅ ውስጥ በምትሰካዋ ስለምሠራ የውስጡን ከዘጋሁት ዓመት አልፎት ነበር፤ የምትሰካዋን ለአስቴር ስተው አንዱን ትቼ ሌላውን መክፈት እንዳለብኝ ረሳሁ። እገዳው ያለበትን ፋይል ከፍቼ ሁለት መስመር አጠፋሁና ላፕቶፗን እንደገና አስነሳኋት። የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ተዘረዘረ። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

እሑድ ሸሚዜን ተኩሼ ተቀመጥኩ። ምስሉ ሲመጣ ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፤ የበዓሉን ዘፈን "ዮ ዮ ጊፋታ" ይላሉ፣ ከእንሰት የሚሠራው፣ በቅቤ የራሰው ሙቿ ቀርቧል። አስቴር ስልኩን ወደ አባባ ወሰደችው። ኮቱን ለብሷል።

"አባባ፣" አልኩት።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ዓይኖቹ ግን ከስልኩ አልፈው፣ ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ካለበት አካባቢ አረፉ።

"አየሁህ፣" አለ። "ወፍረሃል። አገሩ ተስማምቶሃል።"

ከመጣሁ ወዲህ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ። አስቴር በማግስቱ ነው የነገረችኝ፤ አባባ በመጀመሪያው እሑድ መስኮቱ አጠገብ ፊቷን ይለይ ነበር፣ በሁለተኛው ጥላዋን ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። እንዳትነግረኝ አስምሏት ነበር። ያን የፊሊፒናዊቷን ስልክ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ አባቴ አይቶኝ ነበር፤ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"አዎ አባባ፣ ወፍሬያለሁ፣" አልኩት።

መረቀኝ። "ታ ናኣ" እያለ፣ ልጄ እያለ፣ ሰዓቱን ዓይን ዓይኑን እያየ መረቀኝ። እኔ ላፕቶፔ ፊት ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ሲጨርስ አገሩን አሳየኝ አለ።

ላፕቶፗን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኳት። "ያ ከፊት ያለው ዛፍ ይታይሃል? ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ የእኛን መስቀል አበባ ይመስላል። ከሥሩ አንዲት አሮጊት ውሻ ይዛ ቆማለች። ከኋላው ሜዳ ነው፣ ተራራ የለም።"

"እያየሁት ነው፣" አለ አባባ። "ቀጥል።"

ቀጠልኩ። የጎረቤቱን ጣሪያ፣ ብስክሌቱን፣ ደመናውን ሁሉ ነገርኩት። መስመሩ ያን ቀን አንዴም አልተቆረጠም።