ኦርጅናሌ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ

በልጅነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሴት የማትጠየቃቸው ነገሮች ነበሩ። ዕድሜዋ አንዱ ነው። ወንድሟ የት እንደገባ ሌላው ነው፤ ይህንን የጠየቀ ሰው ወይ ጅል ነው ወይ ጆሮ ጠቢ ነው ይባል ነበር። ሌላው ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው የሚስቁበት ነው፤ የያዘችው ቦርሳ ኦርጅናሌ መሆን አለመሆኑ።

አዲስ ነገር ይዛ የመጣችን ሴት «በጤና ያዢው» ይሏታል። እሷም «አሜን፣ ኧረ ተራ ነገር ነው» ትላለች። በቃ። ቦርሳውን ተቀብሎ ማገላበጥ፣ ውስጡ የተጻፈውን ማንበብ፣ በጥፍር ጫር ጫር ማድረግ ነውር ነው። «ኦርጅናሌ ነው?» ማለትማ ከነውርም ያለፈ ነበር። ዕቃው የውሸት ከሆነ ሴትዮዋን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። የእውነት ከሆነ ደግሞ የሚከተለው ጥያቄ «ከየት አመጣሽው?» ነው፤ እሱን የሚጠይቁት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ እናቶቻችን የሰው ቦርሳ በዓይናቸው ጥግ አይተው ዝም ማለት ያውቁበት ነበር።

እናትና አባቴ ለሥራ ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው። እናቴ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ አባቴ የአንድ ፋብሪካ የከባድ መኪና ሾፌር። ከአሰብ ወደብ መለዋወጫና የጨርቅ ቀለም ይጭናል። ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ «እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም» እያለ የሚኮራ፣ ነገር ሆዱ ውስጥ የማያድር ሰው ነበር። በጣም እወደው ነበር፤ ምላሱን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይፈራው ነበር።

አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለስ፣ ከሾፌር ወንበሩ ሥር፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልሎ ቡናማ የጣልያን የእጅ ቦርሳ አመጣላት። ከአንድ መርከበኛ እጅ ነው የገዛው። እናቴ ከፈተችው፤ አሸተተችው፤ መልሳ ዘጋችውና አለቀሰች። ደስ ብሏት ይሁን ፈርታ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው ሁለቱም ነው። በመንግሥት መኪና ኮንትሮባንድ መጫን ስሙ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ነበር። በዚያ ስም ከሰፈራችን አንድ ሾፌር ተወስዷል። ሚስቱ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ስትመላለስ ከርማ፣ አንድ ጠዋት «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ሳህኗን መለሱላት። ከዚያ በኋላ ጥቁር ለበሰች፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቃትም።

ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ገባ። እናቴ አልፎ አልፎ አውጥታ ታየውና ትመልሰዋለች። ግን እናቴም ሰው ናት፤ ያማረ ነገር ኖሯት እስከ መቼ ከአንሶላ ጋር ታስተኛዋለች?

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር እሑድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ለጦር ግንባር የሚላክ ስንቅ ያዘጋጅ ነበር። በሶ የሚነፉ አሉ፤ የበሶውን ከረጢት የሚሰፉ አሉ። እናቴ ከሰፊዎቹ ናት። አንድ እሑድ ከስፌቱ በኋላ ሐይቁ ዳር የምትኖር የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋን፣ አራስ ልትጠይቅ ስለነበር፣ ቦርሳውን ይዛ ወጣች። እኔም አብሬያት ነበርሁ። መንገዱን ሁሉ በነጠላዋ ሸፍና ነው የሄደችው። እንዲህ የሚሸፈን ከሆነ ለምን ተያዘ ብዬ በልቤ ተናደድሁ፤ ንዴቱ ፍርሃት መሆኑን አላወቅሁትም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አዲስ ነበረች። ከየት እንደተዛወረች በወጉ የሚያውቅ የለም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ እኔ ከሚጮኹት ይልቅ እሷን ነበር የምፈራት። የተሰፉትን ከረጢቶች እያየች ስትዘዋወር እናቴ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች። ነጠላው ተንሸራቶ ኖሯል።

«ጓድ፣ ቦርሳሽ ያምራል» አለቻት። «ኦርጅናሌ ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ መርፌያቸውና ወደ ወንፊታቸው አቀረቀሩ። አባቴ በዚያች ሰዓት የአሰብ መንገድ ላይ ነበር፤ ኬላ ላይ አስቁመው ከመኪናው ሲያወርዱት ታየኝ።

«ኧረ ፕላስቲክ ነው» አለች እናቴ።

«ባልሽ የአሰብ ሾፌር ነው አይደል? ከየት ተገዛ?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ቦርሳው ሳበች።

«እኔ ነኝ የሸጥሁላት» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጎረቤታችን፣ የወረታዋ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። «የአዲስ አበባ ፕላስቲክ ነው። እኔም ቆዳ ነው ሲሉኝ አምኜ ገዛሁ። ተታለልሁ፤ ይችንም ምስኪን አታለልኋት።»

እኒህ ሴት ሱቃቸው የውሸት ዕቃ እንደማይገባበት ገበያው ሁሉ የሚመሰክርላቸው ናቸው። ሁለት ቃል ቢናገሩ አንዱ «ወላሂ» ነው። ያን ቀን ግን «ወላሂ» አላሉም። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት እሷም አስተውላዋለች። ሊቀመንበሯ እንዳታስተውል ኪዳነ ምሕረትን ለመንሁ።

ሊቀመንበሯ ከስፌቱ ጠረጴዛ ላይ መቀስ አነሳች። «ፕላስቲክ ከሆነማ አያሳሳም» አለች፣ በዚያው በለስላሳ ድምፅዋ። «እስቲ ቁረጪውና እንየው።»

እናቴ መቀሱን ተቀበለች። መቀሱ ግን አልቆርጥ አለ። ቆዳው ወፍራም ነበር። በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ከአፉ እስከ ታችኛው ስፌቱ ሰነጠቀችው። ሽታው ወጣ፤ አዲስ ጫማ ከካርቶን ሲወጣ የሚሸተው ዓይነት ሽታ። በተቆረጠው በኩል ፈዘዝ ያለው የቆዳው ውስጥ ታየ። ዓይን ላለው ሰው ክርክር የለውም፤ ኦርጅናሌ ነበር።

«ይኸው፣ ፕላስቲክ ነው» አለች በሶ የምትነፋ አንዲት ሴት።

«ሽታው ራሱ የፕላስቲክ ነው» አለች ሌላዋ።

«እኔማ በር ላይ ሳየው አውቄዋለሁ» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ዓይናቸው ከአንድ ክንድ በላይ የማያይ። የቀሩትም አንድ በአንድ ፕላስቲክ ነው አሉ።

እነዚህ ሴቶች እርስ በርስ የሚተማመኑ አልነበሩም። ከመካከላቸው ለአብዮት ጥበቃ ወሬ የምታቀብል እንዳለች ይታወቃል፤ ማን እንደሆነች ነው የማይታወቀው። እሷም ያን ቀን ፕላስቲክ ነው ብላለች ማለት ነው። አንዷ ብቻ ዝም ብትል አልቀን ነበር።

ሊቀመንበሯ የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። መላልሳ ዳበሰችው። አፍ አፏን አየሁ።

«ፕላስቲክ ነው» አለች። «ለከረጢቶቹ ማንጠልጠያ ይሁን። ሥራ ቀጥሉ።»

እናቴ ቦርሳዋን በቀጭን በቀጭኑ ቆራርጣ እየሰፋች ጨረሰችው። አራሷን ሳንጠይቅ ወደ ቤት ተመለስን።

ያቺ ሴት ለምን እንደማረችን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጭራሽ ያስፈራን እሱ ነበር። ማወቁን አውቃለች፤ ደስ ባላት ቀን ልታነሳው ትችላለች። በራችን በተንኳኳ ቁጥር እናቴ እጇ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጣ ትቆም ነበር። በሐይቁ ዳር መንገድ ስንሄድ ሴትዮዋን ከሩቅ ካየቻት እጄን እስኪያመኝ ትጨብጠኛለች። ያን እሑድ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዳቸውም ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም።

ከሁሉ የባሰው ጭንቅ የአባቴ መመለስ ነበር። የሆነውን ብንነግረው ቡና ቤት ሄዶ እንደ ጀብዱ ያወራዋል፤ ጠጣ ካለ ደግሞ መርከበኛውንም ጨምሮ ነው። ተጠንቀቅ ቢሉት ይብስበታል፤ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እናቴ መምጫው እስኪደርስ እህል አልወስድ ብሏት ሰነበተች። በመጨረሻ አፉን የሚዘጋ አንድ ነገር ብቻ አገኘች።

ገብቶ ገና አቧራውን ሳያራግፍ፣ «ቦርሳሽስ? አልያዝሽውም እንዴ?» አላት።

«ጣልኩት።»

«ምን አልሽ?»

«ፕላስቲክ ነበር። ተቀደደ። ሸውደውሃል።»

አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ ትልቅ ሰው ዓይኔ እያየ አነሰ። «ለሰው ነግረሻል?» አላት፣ ከእሱ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ።

«ለማንም።»

«እባክሽ፣ በሞቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

እናቴ ማለችለት። ከዚያ ጓሮ ወጥታ በነጠላዋ አፏን አፍና አለቀሰች። አባቴ ቦርሳ የሚባል ነገር ሁለተኛ ከአፉ አልወጣም። እኛን ያተረፈን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእናቴም ከዚያ ወዲያ በራሱ ምርጫ አንድም ነገር አልገዛላትም። ለእኔ ተምር ያመጣልኛል፤ ለእሷ ግን «አንቺው ብትመርጪ ይሻላል፣ እኔ አልችልበትም» ይላታል። ይህን ባለ ቁጥር እናቴ ፊቷን ታዞር ነበር።

ደርግ ወደቀ። ሊቀመንበሯም ወዴት እንደሄደች ሳይታወቅ ከከተማው ጠፋች። አባቴ ጡረታ ወጣ፤ ድምፁም ቀነሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ እናቴ ድንገት፣ «ያ ቦርሳ ኦርጅናሌ ነበር» አለችው። ጥያቄውን፣ የወረታዋን ሴት፣ መቀሱን፣ የሴቶቹን ምስክርነት፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እየነገረችው ታለቅሳለች።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማትና ፈገግ አለ።

«ተይ እባክሽ» አላት። «አሁን በስተርጅና ልታጽናኚኝ ነው? የዚያ መርከበኛ ዓይኑ ያስታውቅ ነበር። እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

«ልጅህ ባለችበት ነው የቆረጥኩት! ጠይቃት!»

ወደ እኔ ዞረ። «እውነቷን ነው አባዬ፤ ቆዳ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አልሁት።

ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። «አንቺም እሷን ነው የመሰልሽው» አለኝ። «ሰው እንዳይከፋው ትዋሻለሽ።»