መጀመሪያ አህያው ይጠጣል

አቶ ገብረሃንስ የገዛ ልጃቸውን መለየት ካቆሙ ዓመት አልፏል። አህያቸውን ቡላን ግን አልረሱም።

ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሠፈር አርባ ዓመት ጋሪ ነድተዋል። ውሃ በጀሪካን፣ እህል በጆንያ፣ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት የሚዞሩትን የዓዲ ሓቂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍራሽ አመላልሰዋል። በጦርነቱ ነዳጅ ሲጠፋ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ሐኪም ቤት ያደረሰው የእሳቸው ጋሪ ነው። በሥራቸው የማይጥሱት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አህያው ሳይጠጣ ነጂው ውሃ አይቀምስም።

መርሳት ሲጀምራቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃም። ቡላ የደንበኞቹን በር አንድ በአንድ ያውቃል፤ እሱ ሲቆም ያራግፋሉ፣ ሲሄድ ይከተሉታል። ሠፈርተኛው ደህና ናቸው የሚለው አህያውን እያየ ነበር። ልጃቸው ነገሩ የገባት ቡላ ታሞ በተኛበት ሳምንት አባቷ ብቻቸውን ወጥተው ሁለት ቀን ሲጠፉ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአረጋውያን መጠለያ ሁለቱንም ተቀበለ። ቸርነት አልነበረም፤ ግቢው ቧንቧ ስላልነበረው ውሃ የሚያመላልስ አህያ ይፈልግ ነበር። ቡላ ሦስት ዓመት ያን ሁሉ ሰው አጠጣ። ጠዋት ጠዋት ተንከባካቢዋ አሰገደች፣ ከወሎ መጥታ እዚያው የቀረች ሴት፣ ሽማግሌውን ወደ ገንዳው ትወስዳቸዋለች። ጋሪው የሚልጠውን ትከሻ ዳብሰው ቁስል ይፈልጋሉ። አህያው ጠጥቶ ቀና ሲል ኩባያቸውን ይቀበሏታል።

ባለፈው ጥር ቧንቧ ገባ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሔሩይ መጠለያው የሰው እንጂ የከብት አይደለም ብለው አህያው እንዲወጣ አዘዙ። ዘበኛው በአቅራቢያው ካለው የድንጋይ ካባ ማዶ ለቆት ተመለሰ። ያረጀ የጋሪ አህያ እዚያ የሚለቀቀው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ የጫንነውን እንስሳ ለጅብ መተው ነውር መሆኑ ቀርቷል።

በማግስቱ አቶ ገብረሃንስ ኩባያውን ተቀብለው ቡላ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። አሰገደች ጠጥቷል አለቻቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ገንዳው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ደረቅ ነው። ኩባያውን መለሱላት። በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፤ የተተከለላቸውን ጉሉኮስም ነቅለው ጣሉት።

አቶ ሔሩይ ገንዳው ውስጥ ትንሽ ውሃ ደፍታ እንድታታልላቸው መከሯት።

"አንዴ ዋሽቼ ነቅተውብኛል" አለች። "የጠፋባቸው ሰው ነው፤ ሙያቸው አልጠፋም። አህያውን ይመልሱት።"

"ስለ አንድ አህያ ስብሰባ ልጥራ እንዴ፣ ወይዘሮ አሰገደች?"

በምሳ ሰዓቷ ወደ ድንጋይ ካባው ሄደች። ቡላ ቁልቋል ተጠግቶ ቆሟል፤ የኋላ እግሩ ተነክሷል። በነጠላዋ አስራ እየጎተተች አመጣችው። ዘበኛው በሩን ይዞ ሲያመነታ፣ "የለቀቅኸው አንተ ነህ፣ አንተው ክፈትለት" አለችው። ከፈተ።

አቶ ገብረሃንስ ተደግፈው ወጡ። ትከሻውን ዳበሱ፣ እግሩን አዩ። ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቁ፤ አሰገደች ገንዳውን ሞላች። አህያው አንገቱን ደፍቶ ለረጅም ጊዜ ጠጣ።

"አምጪ፣ ጓለይ" አሉ፣ በትግርኛ «ልጄ» ብለው፣ ልጃቸውን በሚጠሩበት ቃል።

በማግስቱ አሰገደች ያለ ፈቃድ እንስሳ በማስገባቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ደብዳቤው ስለ ንጽሕና፣ ስለ ደንብና ስለ ተቋሙ ገጽታ ያትታል። ሦስት ቀን ውሃ ስላልቀመሱት ሰው አንድ ቃል የለበትም። ይህ እንዲጨመር ጠየቀች፤ አቶ ሔሩይ ደብዳቤው ስለ አህያው ብቻ ነው አሏት። እስክርቢቶውን ከጠረጴዛቸው አንሥታ ከማኅተሙ በታች ጻፈች፦

"አህያው ጠጣ። ሽማግሌው ሁለት ኩባያ ጠጡ። ከዚህ በኋላ አህያውን የሚያስወጣ ሰው፣ ሽማግሌውን ራሱ ያጠጣ።"

ከዚያ ፈረመች።