የፔላጌያ ሞተር የዝይ ጥብስ የሸተተች ዕለት

ፔላጌያ ፎሚኒችና የመንደራችን የየልኒክ ፖስተኛ ናት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምጿ ግን የቁመቷን እጥፍ ይሆናል። አጥር ለአጥር ስንኖር ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን «ደከመኝ» ስትል አልሰማኋትም፤ «አንተ ሰነፍ» ስትለኝ ግን በሳምንት ሁለቴ እሰማታለሁ።

ከሐይቁ ማዶ ዛኦዘርዬ አለች፤ ስድስት ቤት ብቻ የቀራት መንደር። በየብስ እንዙር ያለ ሰው ዘጠና ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሐይቁ በበረዶ ሲጋገር ግን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ደብዳቤውን፣ ጋዜጣውን፣ መድኃኒቱን፣ የእገሌ ድመት ወለደች የሚለውን ወሬ ሳይቀር በክረምት የምታሻግረው ፔላጌያ ናት። የምትነዳው ጎኗ ላይ ጋሪ የተገጠመላት አረንጓዴ ሞተር ሳይክል ነው። ላማቸውን ዞርካን በሸጡበት ዓመት ስለገዟት የሞተሯም ስም ዞርካ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ፖስተኛው ባሏ ቲኾን ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው እሷ ሞተሩን ተረከበች፣ እሱ ደግሞ ምድጃውን ተረከበ። መንደሩ አንድ ክረምት ሙሉ ሳቀባቸው። ቲኾን የሚጋግረውን፣ ሆዱ ውስጥ ዓሣ የተደበቀበትን ዳቦ ከቀመሰ በኋላ ግን የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ዘንድሮ ታዲያ ፖስታ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሾመበት። ኢንጋ ትባላለች፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ቤት በገባች ቁጥር መነጽሯ በእንፋሎት የሚሸፈን፣ ልቧ ክፉ ያልሆነ ልጅ። አንድ ቀን ፔላጌያ ግቢ ውስጥ ጎማ አውልቃ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ሳለ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሥራ እያገዝኩ ነው ብል እዋሻለሁ፣ ቆሜ ነበር።

«እትዬ ፔላጌያ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቼልዎት ነው» አለች። «መሃል ሐይቅ ላይ ብትቆምብዎት ማን ያውቃል? ማንስ ይመጣልዎታል?»

«ዞርካ አትቆምም።»

«ብትቆምስ?»

«አትቆምም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ኢንጋ መነጽሯን ጠረገች። «እንግዲያው የመጀመሪያውን ቀን አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ጋሪው ውስጥ እቀመጥና በዓይኔ አያለሁ። ካላሳመነኝ የፖስታ መስመሩን ከሰኞ ጀምሮ የበረዶ ሞተር ላለው ሰው እሰጣለሁ። አይቀየሙኝ።»

ልጅቷ ስትወጣ ፔላጌያ አንድ ብሎን እጇ ላይ አገላበጠች። «ጎርዴይ፣ መስመሩን ከወሰዱብኝ እኔ ምንድን ነኝ?» አለችኝ። ይህችን ሴት ፈርታ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔም ሌላ ብሎን አቀበልኳት።

ሞተር ለክረምት ስታሰናዳ ማየት ደስ ይላል። ብሎኖቹን ከጎማው ውስጥ ወደ ውጭ ትሰካለች፤ ሹል ጫፋቸው ግግሩን እንዲነክስ ነው። ለእያንዳንዱ ጎማ መቶ ሃያ ብሎን ነው። ጭንቅላታቸው ነፋስ የሚነፋበትን ካላማዳሪያ እንዳይበሳው ከአሮጌ የሱፍ ቦት ጫማ ቆርጣ ከውስጥ ታነጥፍለታለች። የሚቆረጠው ሁልጊዜ የቲኾን ቦት ነው። «ቤት ለሚውል ሰው ምን ያደርግለታል?» ትላለች። መሪው ላይ እጅ የሚገባበት የበግ ቆዳ ትሰፋለች፣ ከፊት ንፋስ የሚመልስ ሸራ ትወጥራለች፣ ባትሪውን አልጋ ሥር ታስተኛለች። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይጋገር ደግሞ ጥቂት አልኮል ጠብ ታደርግበታለች። እኔ በዚህ ሰዓት ከጎኗ አልጠፋም።

«አልኮሉ ለሞተር ነው፣ ጎርዴይ!»

«እኔስ ሞተር የለኝም? ልቤ ምንድን ነው?»

«ያንተ የሚያጨሰው ማርሚታው ነው። ዞር በል!»

ዋናው ነገር ግን ዘይቱ ነው። በእኛ ብርድ የሞተር ዘይት ሌሊቱን ውጭ ካደረ ረግቶ ሞተር አያስነሳም። ስለዚህ ዘይቱ ምድጃው ጀርባ በጣሳ ያድራል፤ ጠዋት እንደሞቀ ሞተሩ ውስጥ ይገለበጣል። የምድጃው ቀኝ ጎን የዞርካ ነው። ግራው የቲኾን ነው፤ እሱ በኅዳር ያረዳቸውን ዝዮች ስብ አቅልጦ እዚያ ያስቀምጣል። ለሳል ይጠጣል፣ ለውርጭ ፊት ይቀባበታል፣ ቲኾን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱን ያሽበታል። ሁለቱም ጣሳ ሰማያዊ ነው፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ። ቀኝና ግራው ስለሚታወቅ ምልክት ያደረገበት አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

ቲኾን በመጓዣው ዋዜማ ለእንግዳዋ ክብር ትልቅ ዳቦ ጋገረ። መጥበሻው ቦታ ቢያጣበት ጣሳዎቹን ወዲያና ወዲህ አደረጋቸው፤ ሲመልሳቸው የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ሆነ። ጠዋት ፔላጌያ ጣሳዋን አንስታ ወጣች። አዲስ ዘይትም የቀለጠ የዝይ ስብም ያው ወርቅማ ነው፤ ጋራዡ ጨለማ ነው፤ እሷ ደግሞ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ድፍን ብሏል። ገለበጠችው። ዞርካም በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳች።

እኔ ማልጄ ሐይቁ ላይ ወጥቻለሁ። የግግሩን ውፍረት የምለካውም፣ መንገዱ ላይ ለምልክት የጥድ ቅርንጫፍ የምተክለውም እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ዝሆን ይሸከማል። ዓሣ የማጠምድበት ድንኳኔ ከመንደሩ አምስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከጥንት ጀምሮ በእኛ ዘንድ የዓመቱ የመጀመሪያ መንገደኛ ከሚያገኘው ድንኳን የዓሣ ሾርባ ሳይቀምስ አያልፍም፤ ካለፈ ግግሩ ይቀየማል። ፔላጌያ በዚህ አትቀልድም፣ ስለዚህ ቆመች። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር።

«ምን ጥብስ ይዘሽልኝ መጣሽ?» አልኳት ገና ሳትወርድ።

«የምን ጥብስ?»

ኢንጋ ከጋሪው ውስጥ አንገቷን አወጣች። «እኔም ከመንደር ከወጣን ጀምሮ ሆዴ እየጮኸ ነው። እየራበኝ ነው ብዬ አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ የዝይ ጥብስ ይሸተኛል።»

ውሻዬ ቡያን የያዘውን ዓሣ ጥሎ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ሊልስ ተጠጋ፤ ምላሱን አቃጠለውና ጮኸ። እኛም ሳቅንበትና ሾርባችንን ልንጠጣ ገባን። አንድ ሳህን፣ ሌላ ሳህን፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ስንወጣ ፔላጌያ ማስነሻውን ረገጠች፤ ንቅንቅ የለም። ሁለት እግሯን አውጥታ ቆመችበት፤ እሷን ተሸክሞ ቀረ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዛ ስታየው ጫፉ ላይ ነጭ፣ የረጋ፣ ወፍራም ነገር ተለጥፏል። በጣቷ ነካች፣ ቀመሰች። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ቲኾን» አለች በቀስታ። «ጨው እንኳ አልጨመረበትም።»

በሳቅ ልፈነዳ ነበር። ኢንጋ ግን አልሳቀችም። «እትዬ፣ ቆመች እኮ» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ደስታ አልነበረበትም። ፔላጌያም ዘንጉን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። 

«የበረዶ ሞተሬ እዚህ ነው፣ ገመድም አለኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ገመድ ካወጣህ ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤቴ አይደለህም!»

ከጋሪው ሥር ነበልባል የምትተፋዋን የእጅ ምድጃ አወጣች፤ ያለ እሷ ወጥታ አታውቅም። ሸራውን ሞተሩ ላይ አለበሰችና በሆዷ ተኝታ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ኮፓ ከሥር ታሞቀው ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ስቡ ውስጡ መንሾክሾክ ሲጀምር ተነስታ ረገጠች። በአራተኛው ዞርካ ቱግ አለች፤ ሐይቁ በሙሉ የበዓል ቤት ሸተተ።

«ግቢ፣ ልጄ» አለቻት ኢንጋን። «ከእንግዲህ እስክንመለስ ሞተሩ አይጠፋም። ሮጠን ነው የምናድለው።»

እውነትም እንደዚያ አደረጉ አሉ። ፔላጌያ ሞተሩ እየሰራ በስድስቱም በር እየሮጠች ደብዳቤዋን ሰጠች፤ የዛኦዘርዬ ውሾች ደግሞ ሁሉም ዞርካን ከበው ምራቃቸውን ሲያዝረከርኩ ኢንጋ በፖስታ ቦርሳ ስትመልሳቸው ቆየች።

እነሱ ከሄዱ ትንሽ ቆይቶ ከመንደር በኩል አንድ ጥቁር ነጥብ በጥድ ቅርንጫፎቹ መሃል ሲመጣ አየሁ። ሲቀርብ ቲኾን ነው! ከድንች ለቀማ ወዲህ ከግቢው በር ወጥቶ የማያውቀው ቲኾን፣ ዱላውን ይዞ፣ በሚስቱ የሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ ጣሳ ደረቱ ላይ አቅፎ።

«አልፋለች?» አለኝ እያለከለከ።

«አልፋለች። ምን ሆነህ ነው?»

«ጉልበቴን ላሽ ጣሳውን ከፈትኩ፤ አሸሁ፣ አሸሁ፣ ሽታው ጋራዥ ሆነብኝ። ጎርዴይ፣ የሚስቴን ሞተር በዝይ ስብ ገደልኩት! መስመሯን ሊወስዱባት ነው፣ በኔ በደንቆሮው!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ና ተቀመጥ፣ በበረዶ ሞተሬ ላድርስህ።»

«አንተ ከጎተትካት አለቀላት። በእግሬ ነው የምሄደው።»

ሄደም። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እየቆመ፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ። ብቻውን ልተወው አልቻልኩም፤ ሌላ የዓሣ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚሄድ መስዬ መንሸራተቻዬን እየጎተትኩ ከኋላው ተከተልኩት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ዞርካ ከማዶ ብቅ አለች፤ ሦስት የዛኦዘርዬ ውሾች ይከተሏታል። ፔላጌያ ፍሪሲዮን ይዛ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ፊት ለፊቱ ገጭ አድርጋ አቆመች።

«አንተ ሰውዬ! በዚህ ጉልበትህ? ቦት እንኳ በቅጡ ሳትጫማ?»

«ቦቴንማ ጎማሽ በላው» አለ ቲኾን። ከዚያ ሻርፑን ገለጠና ጣሳውን ዘረጋላት። «ዘይትሽን ረስተሽ ሄድሽ።»

ተቀበለችው። ጓንቷን አውልቃ ጣሳውን ዳበሰችው፤ ደረቱ ላይ ስለነበር አሁንም ለብ ያለ ነበር። ልትቆጣው አፏን ከፈተች፣ ቁጣው ግን አልወጣም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርስ ውርጭ ሆነ። እኔም ወደ ሌላ ዞሬ ግግር የምለካ መሰልኩ።

ኢንጋ ከጋሪው ወረደች። «ጋሼ ቲኾን፣ እዚህ ይግቡ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ጉልበቴ እኮ ዛሬ አላመመኝም» አለ ቲኾን እየገባ፣ ተገርሞ። «ዘይቱ ሳይሻል አይቀርም።»

«አንድ ጠብታ አልሰጥህም!» አለች ፔላጌያ፤ ድምጿ ተመለሰ።

ኢንጋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። እስክሪብቶዋ ቀዝቅዞ አልጽፍ አላት፤ የግግር ውፍረት የምጽፍበትን እርሳሴን ሰጠኋት። ቆማ፣ መነጽሯን በእጅጌዋ እየጠረገች ጻፈች። ማጮለቅ ነውር ነው፣ አጮለቅሁ።

«መሃል ሐይቅ ላይ ቆመች። ሰው መጣላት። መስመሩ ባለበት ይቀጥል» ይላል።

እርሳሴን ግን ይዛብኝ ሄደች።